ጸጉሯ ያልረገፈበት ክረምት

ሰኔ 24 ቀን 2017

እጢ ነው አልኳት። ከአፌ ወጣ፤ አለቀ።

ባለቤቴ አፀደ ከፋሲካ ወዲህ ዳሌዋን ያማታል። ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ግን ለማንም ሳትናገር ስንት ጊዜ ይዛው እንደዞረች እሷና ፈጣሪዋ ናቸው የሚያውቁት። ናሙና ተወሰደ፣ ስካን ተነሳች። ዛሬ ውጤት ለመስማት ከልጃችን ከፀደንያ ጋር ሆነን ሃያ ሁለት ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ሄድን። አፀደን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ "መጀመሪያ እኔ ልግባ" አልኩ። ፀደንያ ተከተለችኝ።

ሐኪሟ ዶክተር ሰምሃል ልጅ እግር ናት፤ ከፀደንያ ብዙም አትበልጥ። ካንሰር ነው አለች። ከጡቷ ተነስቶ የዳሌዋ አጥንት ላይ ደርሷል አለች። ከዚያ ብድግ ብላ "አሁን ወይዘሮ አፀደን እናስገባቸው" ስትል በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት።

"ዶክተር፣ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ቤት ለታማሚ አይነገርም።"

"የታመሙት እሳቸው ናቸው፣ አቶ ሽፈራው። ማወቅ መብታቸው ነው።"

መብት! የሩቅ ዘመድ ሞት እንኳ ሌሊቱ ተጠብቆ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚያረዱት። መርዶ ወግ አለው። እዚህ ግን በቀትር፣ በጠበበች ክፍል ውስጥ፣ ለራሷ ለባለነፍሷ "ይኸውልሽ" ይባላል? ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ "ጊዜ ልስጥዎት። ግን እሳቸው ራሳቸው ከጠየቁኝ አልዋሻቸውም" አለች። እንዳትጠይቃት ብዬ አፀደን ሳላስገባት ይዣት ወጣሁ።

"ምን አሉ?" አለችኝ፣ ጃንጥላዋን እየፈታች።

"እጢ ነው። በክኒን ይሟሟል።"

"ዳሌዬስ?"

"እሱ ሪህ ነው። እርጅና።"

"እርጅናው ያንተ ነው!" ብላ ሳቀች። ፀደንያ ስልክ የምታወራ መስላ ወደ ደረጃው ሄደች።

ሰኔ 27

ሩዋንዳ ሰፈር፣ ፀደንያ የምትሠራበት የእንግዳ ማረፊያ። ባዶ ክፍል ከፍታልን ሦስት ሆነን መከርን፤ እኔ፣ እሷ፣ የአፀደ ወንድም መሐሪ። መሐሪ "እህቴን አውቃታለሁ፤ ሰምታ ካደረች በሐሳቡ ነው የምታልቀው" አለ። እኔም እሱን ነው የምለው።

ለአብኔዘርም እንዳይነገር ተስማማን። ወንዱ ልጃችን መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ቆላ ውስጥ፣ ግሬደር ይነዳል። ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። አፀደ አሁንም ስልኳን ጡቷ ሥር ይዛ ነው የምትተኛው፣ ምናልባት ቢደውል ብላ። እንዲህ ላለ ልጅ በስልክ ምን ይባላል?

ፀደንያ ብቻ "አባዬ፣ እማዬ ሞኝ አይደለችም" አለች። ተቆጣኋት። ማን ሞኝ ናት አለ?

ሐምሌ 1

መድኃኒቱ ተጀመረ።

ዶክተር ሰምሃል ለእኔና ለፀደንያ ቁጭ ብላ አስረዳችን። የተለመደው ኬሞ ጤነኛውንም በሽተኛውንም ሴል ይመታል። ይሄኛው ግን የካንሰሩን ሴል "ተባዛ፣ ተባዛ" የሚለውን ትእዛዝ ለይቶ ነው የሚያግደው። አብሮት የሚሰጠው ትንሿ ክኒን ደግሞ ካንሰሩ የሚመገበውን ሆርሞን ታስቀርበታለች።

"ያጠፋዋል?" አልኩ።

"አያጠፋውም። ይይዘዋል። እንዳይባዛ፣ ወደ ጉበት ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ያደርገዋል። ለስንት ጊዜ የሚለውን ማንም በትክክል አይነግርዎትም፤ ለአንዱ ለወራት፣ ለሌላው ለብዙ ዓመታት ነው። ግን ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። እሱን አደራ።"

ትልቁ እንክብል ሦስት ሳምንት ይዋጣል፣ አንድ ሳምንት ይታረፋል፣ ከዚያ እንደገና። ትንሿ ዕረፍት የላትም። ከምግብ ጋር። በየጊዜው ደም ይመረመራል።

"ጸጉሯስ?" አልኩ።

"ሊሳሳ ይችላል እንጂ እንደ ኬሞው አይረግፍም።"

ከሁሉ ያሳረፈኝ እሱ ነው። ጸጉሯ ቢረግፍ ውሸቴም አብሮ ይረግፍ ነበር። አፀደ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፤ አንድና አንድ መደመር አያቅታትም። ካርቶኑን ውስጡ ካለው ወረቀት ጋር ቀዳድጄ መገናኛ ላይ ጣልኩት፤ ዓይኗ እንዳያርፍበት። እንክብሉን በየጠዋቱ ራሴ ከቁርስ ጋር በእጇ አስጨብጣታለሁ። እየተመለከትኳት ትውጣለች።

ሐምሌ 9

ዝናብ። ውሃ የለም፣ መብራት የለም። የካ አባዶ እንኳን ለታማሚ ለጤነኛም አይመች። አራተኛ ፎቅ ነን። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። "ሪሁ ነው" አልኳት ሳትጠይቀኝ።

ምግብ አስጠልቷታል። አፏ ቆስሏል።

ሐምሌ 15

የደም ምርመራ። ነጭ የደም ሴሏ ወርዷል፤ የሚጠበቅ ነው፣ መድኃኒቱ ይቀጥላል ተባልን። ዛሬ ግን አፀደ አብራኝ ገባች፤ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ተቀምጣ ዶክተሯን ትክ ብላ አየቻትና "ልጄ፣ እጢ ሁሉ እንዲህ ያደክማል?" አለቻት።

ዶክተር ሰምሃል እኔን አየችኝ። "አዎ፣ ያደክማል" አልኩ እኔ ፈጠን ብዬ። ማን ሐኪም አደረገኝ?

"መድኃኒቱ ነው የሚያደክምዎት እማማ" አለች ልጅቱ። አልዋሸችም፤ እውነቱንም አልተናገረች። ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ጊዜው እየሄደ ነው አቶ ሽፈራው" አለችኝ። የት ይሄዳል? እኔው ጋ ነው ያለው።

ሚኒባስ ውስጥ አፀደ መስኮቱን እያየች "ይቺ ልጅ ታሳዝነኛለች፤ የሆነ ነገር ያስጨንቃታል" አለችኝ።

ሐምሌ 24

የዕረፍቱ ሳምንት። እንክብሉ ቆሟል፣ ትንሿ ክኒን ብቻ። ነፍሷ ተመለሰ! ሁለት ጊዜ በላች። ፎቁን ሳትቆም ወጣች። ለገንዘቤ፣ ለታችኛዋ ጎረቤታችን፣ ክር አጠነጠነችላት። ከገንዘቤ ጋር ሆነው ሲስቁ በደረጃው ሁሉ ይሰማ ነበር።

እራት ላይ "ይገርምሃል ሽፌ፣ ልክ ያንን ክኒን ሳቆም ነው የዳንኩት" አለችኝ። እኔም ሞኙ አብሬ ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ስትስቅ ደስ ይለኛል።

ሐምሌ 29

ሁለተኛው ዙር። አልውጥም ብላ ተነጫነጨች። "እጢው አያመኝ፣ አይቆጠቁጠኝ፣ ለምን እታመማለሁ?" ብላ ጀመረች። እኔ ግን ሳላስጨርሳት "ታዘዘ፣ ትውጫለሽ!" አልኩ። ዋጠች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ጉንፋን ይዞኛል መሰል ዓይኔ ያለቅሳል።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። አፀደ እንደ ዓመቷ ሱባኤ ይዛለች። ጠዋት ኪዳን፣ ጠበል፣ እስከ ቅዳሴ መልስ እዚያው። እንክብሉስ? "ከምግብ ጋር አይደል የምትሉኝ? በጾም ቁርስ የለም። ይዤው ሄጄ ከቅዳሴ መልስ፣ ስቀምስ እወስደዋለሁ" አለች። ደህና ሐሳብ ነው። በየጠዋቱ በወረቀት ጠቅልዬ እሰጣታለሁ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች።

ነሐሴ 5

ቀለሟ ተመልሷል። መድኃኒቱ ተስማማት! ለዶክተር ሰምሃል በስልክ ነገርኳት። "ድካሙ ሁሉ ጠፋ? አፋቸው ላይ ያለው ቁስልም?" አለች። ሁሉም አልኳት። "በትክክል እየወሰዱ ነው?" አለች። ልጄ፣ በእጄ ነው የምሰጣት አልኳት። ሐኪም ደስ የሚል ነገር ሲነግሩት እንኳ ይጠራጠራል።

ነሐሴ 8

የእኛ ሕንፃ ደረጃ ምሥጢር አያውቅም። አንደኛው ላይ የተሾከሸከ አራተኛው ላይ ይሰማል። ቆሻሻ ልጥል በሩን ስከፍት አፀደና ገንዘቤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ከታች ቆመዋል።

"...ትቼዋለሁ" ትላለች አፀደ። "ሱባኤው ከገባ ጀምሮ አንድም አልዋጥኩ፤ ትልቁንም ትንሹንም። ለእመቤቴ ሰጥቻታለሁ።"

"እሰይ! ጠበልና ክኒን ድሮም አብሮ አይሄድም" ትላለች ገንዘቤ።

"ሽፌ እንዳይሰማ ብቻ። እሱ በእጢው ከእኔ በላይ ይጨነቃል። ያው ታውቂው የለ፣ ፈሪ ነው።"

የቆሻሻውን ፌስታል እንደያዝኩ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ከሱባኤው መግቢያ ጀምሮ! ሳይቋረጥ፣ አደራ ያለችው የዶክተሯ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። አሁን ምን እየሆነ ነው ውስጧ? የት ደርሷል? ጉበቷ ጋ? ሳንባዋ ጋ?

ነሐሴ 9

ጠየቅኳት። አልካደችም። ውሸት የእሷ ዕቃ አይደለም።

"አዎ ትቻለሁ። ስውጠው እታመማለሁ፣ ስተወው እድናለሁ። ሕፃን እንኳ ይሄን ያሰላዋል።"

"ትውጫለሽ!"

"ለምን?"

"ስላልኩሽ።"

"ሽፌ፣ እጢ ነው አላልከኝም? በክርስትና እናቴ አንገት ላይ ብርቱካን የሚያህል እጢ ነበር፤ እስከ ሰማንያ ዓመቷ ኖራበታለች። ለምንድነው የምውጠው? አንድ ምክንያት ንገረኝ፣ አሁኑኑ እውጣለሁ።"

ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። እውነቷን ነው የጠበቀችኝ፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ልክ ሰሌዳ ፊት ላስቆመችው ተማሪ እንደምትጠብቅ። "የሐኪም ትእዛዝ ነው" ብዬ ወጣሁ። እስከ ታክሲው መጨረሻ ድረስ በዝናብ ሄጄ ተመለስኩ።

ነሐሴ 10

የነፍስ አባታችን መምሬ አምደሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ቢያዝዟት እንቢ አትልም ብዬ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ካንሰር የሚለውን ቃል ከክሊኒኩ ውጪ ለሰው ስናገር ከመሐሪ ቀጥሎ እሳቸው ሁለተኛ ናቸው።

"መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፤ ጠበሉ ከመድኃኒት አይጣላም። ይሄን እነግራታለሁ" አሉኝ። ተነስቼ ልሳለም ስል መስቀላቸውን ወደ ኋላ ያዙት።

"ግን ሽፈራው፣ ይቺን ሴት ለምን እንደምትውጠው ሳታውቅ ዋጪ ብዬ ልገዝታት? ነገ ስትሞትብኝ በምን አፌ ነው የምፈታት? ሄደህ ንገራት።"

ሁሉም ሰው ሄደህ ንገራት ይላል። ሄዶ የሚነግረው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ነሐሴ 11

ቆረጥኩ። ነገ ይነገራታል።

ዶክተር ሰምሃል ደስ አላት። "ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ በቀስታ፣ በቀላል ቃል ይንገሯቸው። ከፈለጉ እዚህ ይምጡና አብረን እንንገራቸው" አለችኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን "ለብቻችሁ" የሚለው ሐሳቤን አስቀየረኝ። ብቻዬን ፊቷን እያየሁ? ብትወድቅ ማን ያነሳታል? እኔ ብወድቅስ?

ስለዚህ በወጉ እንዲሆን አደረግኩ። ክፉ ወሬ የሚነገርበት ሰዓት የታወቀ ነው። ለመሐሪ ንጋት ላይ ድረስ አልኩት። መምሬንም ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ገንዘቤንም፣ ሴት ከጎኗ ብትኖር ይሻላል ብዬ፣ ደረጃው ላይ አስቆምኳትና "ጠዋት ጎህ ሲቀድ ወደ ላይ ብቅ በይ፤ ለአፀደ የሚነገር ነገር አለ። ለእሷ ትንፍሽ እንዳትዪ" አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። እጇን አፏ ላይ ጭና ገባች። ምን እንደሆነች አላውቅም፤ ምንም አልነገርኳትም እኮ።

ፀደንያ ለማደር መጥታለች። "አባዬ፣ ሰው አታብዛ" አለችኝ። ይህን ያህል ሰው ብዙ ነው እንዴ?

ነሐሴ 12



አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መሐሪ ካፖርቱን እንደለበሰ ደረሰ። መምሬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፀደንያ ወጥ ቤት ሻይ ጣደች። ገንዘቤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ ገባች። ያኔ እንኳ አልገባኝም። የማልረባ ሰው!

አፀደ ለኪዳን ልትወጣ ተነስታ ነበር። የመኝታ ቤቱን በር ከፍታ ብቅ ስትል ሁላችንም ዝም ብለን ተቀምጠናል። ወንድሟን አየች። መምሬን አየች። የገንዘቤን ነጠላ አየች።

"አብኔዘርን!" አለች።

እንዲህ ያለ ድምፅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። "ልጄን! ወየው ልጄን! የት ጣላችሁት? የትኛው ገደል ነው?" ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ደረቷን ትደቃለች፤ ያንኑ የታመመውን ጡቷን በቡጢ ትመታዋለች። እጇን ልይዝ ስል ጣለችኝ፤ ያን ሁሉ ጉልበት ከየት እንዳመጣችው። ገንዘቤ ምንም ሳታውቅ "ወይኔ አብኔ፣ ወይኔ መልከ መልካሙ!" ብላ ተቀበለቻት። መሐሪ "ኧረ አይደለም! ኧረ ስሙን!" ይላል፣ ማን ይስማው። ፀደንያ ከወጥ ቤት ሮጣ ስትመጣ እናቷ እግሯን ይዛ "ወንድምሽን!" አለቻት።

በሩ ተበረገደ። ከላይም ከታችም ሰው መጣ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ሴቶቹ ገና ደረጃው ላይ እያሉ እያለቀሱ። የዕድሩ ዳኛ ሕዝቡን ጥሶ መጣና ትከሻዬን አቀፈኝ። "እግዚአብሔር ያጽናህ ሽፈራው። ድንኳኑ ከታች ነው ወይስ መኪና ማቆሚያው ጋ የሚተከለው?" አለኝ።

ያኔ ነው የጮህኩት።

"ማንም አልሞተም! አብኔዘር ደህና ነው! አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ የታመምሽው አፀደ! ካንሰር ነው! ካንሰር!"

ያንን ቃል ክረምቱን ሙሉ ከእሷ ሸሽጌ፣ በሕንፃው ሰው ሁሉ ፊት ጮህኩት። ለቅሶው ቆመ። አፀደ ቀና አለች። ጸጉሯ ተበትኖ ፊቷ ላይ ወድቋል።

"እኔ?"

"አንቺ።"

"አብኔዘርስ?"

"ደህና ነው። ፈጣሪ ይመስክርብኝ፣ ደህና ነው።"

ወደ መምሬ ዞረች። "ደህና ነው ልጄ፤ እውነቱን ነው" አሏት።

"ተመስገን" አለች። "እኔ ነኝ? ተመስገን። ተመስገን አምላኬ፣ ተመስገን" እያለች ጎንበስ ብላ ወለሉን ሳመች። አሁንም አሁንም ሳመችው። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያታል። ነጠላውን አዘቅዝቆ የመጣው ቀስ ብሎ መልሶ አቀናው። ፀደንያ ለአብኔዘር ስትደውል ስልኩ ጠራ፤ ድምፁን በድምፅ ማጉያ ለቀቀችው። "እማዬ? በዚህ ሌሊት ምን ሆናችሁ?" ሲል ነው አፀደ ማልቀስ የጀመረችው። እኔም አለቀስኩ። ጉንፋን አልነበረም።

ነሐሴ 13

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉን ሁሉ አመስግና ከሸኘች በኋላ፣ መስኮቱ ጋ ወንበር አቀረበችልኝ።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ሰኔ።"

"ከሰኔ ጀምሮ" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ሽፌ፣ የደበቅከኝ የራሴን ነው እኮ። ያንተን አይደለም። ባውቅ ልጄን ናልኝ እል ነበር። ንስሐዬን አስቤበት እገባ ነበር። ክኒኑንም አልተውም ነበር። እኔ ክኒን የምጥል ሴት ነኝ? ለምን እንደሆነ ብትነግረኝ ድንጋይ ቢሆን እውጠው ነበር።"

"እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ነው።"

"ማን ነው የሚሰበረው? እኔ ነኝ አንተ?"



ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ጠየቀችኝ። ዶክተር ሰምሃል ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኳት። እንደማያጠፋው። እንደሚይዘው። ትእዛዙን እንደሚያግድበት። ዳሌዋ ላይ ያለው ሪህ እንዳልሆነ። በየመሃሉ ሳቋርጥ ውሃ እያቀበለች ታስጀምረኛለች። ታማሚው እኔ የሆንኩ ነው የሚመስለው።

"ጸጉሬ ያልረገፈው ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

እጇን ወደ ጸጉሯ ሰደደች። "እንግዲህ ይሄን የመሰለ መድኃኒት ተሠርቶልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳልል እየዋጥኩት ነበር" አለች። "መድኃኒቱንም ስታስዋሸው ከረምክ።"

ለዶክተሯ ራሷ ደወለች። እኔን ውጣ አላለችኝም፤ አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ። ያመለጠው ቀን ምን ይጎዳል፣ ደርቤ ልውጥ ወይ፣ ጠበሉ ያግደኛል ወይ፣ እያለች በተራ በተራ ጠየቀቻት። ደርባ እንዳትውጥ፣ መጀመሪያ ደሟ እንዲታይ ተነገራት። ያመለጠው ምን እንዳደረገ በክረምቱ መጨረሻ ስካን ይታያል። እስከዚያ አይታወቅም።

ነሐሴ 21

አብኔዘር መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷል። እናቱ እግሩን አጠበችው፤ እንቢ ቢላትም።

እንክብሉን በራሷ እጅ ነው የምትወስደው። ስትውጥ አታሳየኝም። እንዳያትም አትጠብቀኝም።

ጳጉሜን 2

ስካን ተነሳች። ድካሙ ተመልሷል፣ አፏም ቆስሏል። "መሥራቱ ነው" ትላለች። ገንዘቤ ሾርባ ይዛ መጣችና ይቅርታ ጠየቀቻት። "አንቺ ምን አደረግሽ፣ ያልነገሩሽን" አለቻት አፀደ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ።

ያኔ የጣለቻቸው እንክብሎች ናቸው ዓይኔ ላይ የሚመጡት። የእኔ እጅ ነው የጣላቸው።

መስከረም 6 ቀን 2018

ውጤት። ሃያ ሁለት፣ ክሊኒኩ።

ስማችን ሲጠራ እንደ ልማዴ ብድግ አልኩ። አፀደ ክንዴን ያዘችኝ። "አንተ እዚህ ሁን" አለችኝ። ቁጣ የለውም። ቦርሳዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ዳሌዋን ደገፍ እያደረገች ገባች። በሩ ተዘጋ።

ሰኔ ላይ እሷ ስትጠብቅ እንዲህ ነበር ለካ! በሩን ታያለህ፣ በሩ ዝም ይልሃል። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ያወራኛል፣ አዎ አዎ እላለሁ፣ አንድም ቃል አልሰማሁም። ውስጥ የሚሳቅ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ እጀታውን ልይዝ ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

ወጣች። ፊቷን አየሁት። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ትዳራችን ውስጥ ፊቷን ማንበብ አቃተኝ።

አጠገቤ ተቀመጠች። "አልሄደም" አለችኝ። "ጉበቴ ንጹሕ ነው፣ ሳንባዬ ንጹሕ ነው። ዳሌዬ ላይ ያለው ባለበት ቆሟል። መድኃኒቱ ይዞታል። ለዘላለም አይደለም አለችኝ፣ በየጊዜው እናየዋለን። በቃ፣ ይኸው ነው።"

እጇን ያዝኩት። ተመስገን ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

"አፅዬ፣ የደበቅሽኝ ነገር የለም?"

"የለም" አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እጄን ቸብ ቸብ አድርጋኝ ተነሳች፣ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም እንሂድ ብላ።

እውነቷን ይሆናል። አፀደ ዋሽታ አታውቅም። ግን እኔም ክረምቱን ሙሉ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው የዋሸኋት፤ እንግዲህ በምን ልወቀው።